በአይሮፕላን ወደ ጣና ገዳማት፤ ስለ መንገደኛ ጤና

መንገደኛን የመራው መልአክና ሕመምተኛን የፈወሰው መልአክ አንዱ ቅዱስ ሩፋኤል መሆኑን ከመጽሐፈ ጦቢት የተማርን ሁላችን እናውቃለን። ወጣቱ ጦብያ በአባቱ ታዝዞ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ መልአኩ መንገዱን ብቻ አላሳየውም፤ በመንገድ የሚያጋጥመውን አደጋና ከአደጋውም የሚገኘውን መድኃኒት ጭምር አስተማረው እንጂ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መንገድ የሚወጣ ክርስቲያን ጸሎቱንና ስንቁን እንደሚያዘጋጅ ሁሉ የጤናውንም ነገር አስቀድሞ ማሰብ የሚገባው መሆኑ ነው።

ይህን ነገር ያነሣንበት ምክንያት ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ማዶ ተነሥተው የጣናን ገዳማት ለመሳለም በአይሮፕላን ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ስለ ሆኑ ነው። ይልቁንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጸጥታ ችግር ምክንያት የየብሱ መንገድ በየጊዜው የሚቋረጥ በመሆኑ፣ አቅሙ የፈቀደለት ሰው አረጋዊ አባቱንና አረጋዊት እናቱን በአየር መላክን መርጧል።

ቀድሞ ከሸዋ ተነሥቶ ጣናን የሚሳለም ምእመን በእግሩ ወይም በበቅሎው ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። ከደጋው ወደ ዓባይ በረሓ ሲወርድ፣ ከበረሓውም ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጣ፣ አካሉ የየአገሩን አየር፣ ውኃና ምግብ ጥቂት በጥቂት ይለምድ ነበር። የንዳድ አገር ሲደርስም መድረሱን ያውቀዋል፤ በቆላ ማደርን ይፈራል፤ ከመሸ በኋላ ከውኃ ዳር ይርቃል። ዛሬ ግን በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ በአንድ ሰዓት በረራ ያልቃል። ከዚህ የተነሣ መንገደኛው አገር የለወጠ አይመስለውም። የዚህም ጽሑፍ ዋና አሳብ እንዲህ የሚል ነው፤ አይሮፕላን ሰውን በአንድ ሰዓት ያደርሰዋል፤ የጤናው ጉዞ ግን ከመነሣቱ በፊት ይጀምራል፤ ከተመለሰም በኋላ ወራት ይቆያል።

በአየር ላይ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን የሚበርሩት ዲሲ 3 የተባሉት አይሮፕላኖች የውስጥ አየራቸው በመሣሪያ የሚጠበቅ ስላልነበረ፣ ተሳፋሪው አይሮፕላኑ በደረሰበት ከፍታ ያለውን ስስ አየር እንዲሁ ይተነፍስ ነበር። ዛሬ ግን አይሮፕላኑ ምንም ያህል ወደ ላይ ቢወጣ፣ በውስጡ ያለው አየር ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ተራራ ላይ ካለው አየር ይበልጥ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል።

እንግዲህ ይህን ከአገራችን ከፍታ ጋር እናስተያየው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ራሱ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው በአይሮፕላን ተቀምጦ ሳለ የሚተነፍሰው አየር በደጃፉ ከሚተነፍሰው ብዙ የተለየ አይደለም። እንጦጦ ማርያምን ለመሳለም የሚወጣ ምእመን 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚደርስ፣ በአይሮፕላን ከተቀመጠው ወንድሙ ይልቅ ስስ አየር የሚተነፍሰው እርሱ ነው። እናቶቻችን «በሰማይ ትንፋሽ ያጥረኛል» እያሉ መፍራታቸው ስለዚህ ብዙ ምክንያት የለውም።

ነገር ግን ይህ የተነገረው ለጤነኛው ነው። በልብ ወይም በሳንባ ሕመም የሚሠቃይ፣ ከባድ የደም ማነስ ያለበት፣ በቅርብ ጊዜ የሆድ፣ የደረት ወይም የዐይን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል። አየር ሲሳሳ ይሰፋልና፣ በአካል ውስጥ የተከተተ አየር ቢኖር ገና ያልሻረውን ቁስል ሊጎዳ ይችላል። ኦክሲጅን የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ደግሞ ለአየር መንገዱ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። የስኳር፣ የደም ግፊትና የመሳሰለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይያዝ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተት። ሻንጣ ቢዘገይ ልብስ ከዘመድ ይዋሳሉ፤ መድኃኒት ግን አይዋሱም።

አንድ ልጅ ያረገዘች ጤነኛ ሴት እስከ 36ኛው ሳምንት፣ መንታ ያረገዘች ደግሞ እስከ 32ኛው ሳምንት መብረር እንደምትችል ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ግን የሐኪም ደብዳቤ መያዝ መልካም ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቢያንስ 48 ሰዓት፣ የሚሻለውም 7 ቀን ሳይሞላው እንዳይበር ይመክራሉ። እኛ ግን ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራስ በቤቷ የምትቆይበት ሥርዓት ስላለን፣ በዚህ ረገድ ከሐኪሞቹ ምክር ቀድመን ተገኝተናል።

አይሮፕላኑ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲያመራ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ወዲያው ከታች ይቀራል። ከዚያ በኋላ ደጋው እንደ ተቆረሰ እንጀራ ድንገት ያልቅና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው የዓባይ በረሓ ይከፈታል። አባቶቻችን አንድ ቀን ሙሉ ወርደው ሌላውን ቀን ሙሉ የወጡትን ገደል እኛ በመስኮት እያየን በጥቂት ደቂቃ ተሻገርነው። ከበረሓው ወዲያ የጎጃም እርሻ እንደ ጥልፍ ተዘርግቶ ይታያል፤ ጮቄም ከደመናው በላይ ቀና ብሎ ይታያል። በክረምትና በበልግ ወራት ደመናው አይሮፕላኑን የሚያናውጥ ስለሆነ ሆዱ ቶሎ የሚታወክ ሰው ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ፣ በክንፉ አጠገብ ተቀምጦ፣ ዐይኑን በሩቁ አድማስ ላይ ቢያሳርፍ ይሻለዋል። ሎሚ ወይም ጤና አዳም ማሽተትም የቆየ ልማዳችን ነው፤ ጉዳት የለውም።

ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ብዙዎችን የሚያስቸግረው የጆሮ መደፈን ነው። ምክንያቱም ይህ ነው፤ አይሮፕላኑ ሲወርድ የአየሩ ክብደት እየጨመረ ይሄዳል፤ ከጆሮ ታምቡር በስተ ውስጥ ያለው አየር ግን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ካልተከፈተለት ከውጭው ጋር ሊስተካከል አይችልም። ስለዚህ ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት፣ አፍንጫን በጣት ይዞ አፍን ዘግቶ በቀስታ መግፋት ይረዳል። ሕፃን ልጅ ማልቀሱ ስለ ጠባዩ አይደለም፤ ጆሮው ስለሚያመው ነው፤ እናቱ በዚያን ሰዓት ጡት ብታጠባው ይሻለዋል። ብርቱ ጉንፋን የያዘው ሰው ቢቻለው ጉዞውን ለጥቂት ቀን ቢያቆየው መልካም ነው፤ ባይሆንለትም አይሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር እንቅልፍ አይውሰደው።

የአይሮፕላኑ አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ነገር ግን በጾም ቀን የሚጓዝ ክርስቲያን ምን ያድርግ? ጤነኛ ለሆነ ሰው የአንድ ሰዓት በረራ ጾም የሚያስፈታ ምክንያት አይሆንም፤ በዋዜማው ማታ ውኃ በርከት አድርጎ ጠጥቶ ቢያድር ይበቃዋል። የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ሴትና ሽማግሌ ግን ሐኪማቸውንና የንስሓ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን ከአቅሙ በላይ አታስጨንቅም፤ ራሱን ጥሎ ከአይሮፕላን በሸክም የሚወርድ ጿሚ ያደክማል እንጂ ማንንም አያስተምርም።

ከባሕር ማዶ ለሚመጡት ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ከዐራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ለሞት ያደርሳል። ይህ በብዙዎች ላይ የሚደርስ አይደለም፤ ነገር ግን በሸመገሉት፣ ነፍሰ ጡር በሆኑት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸውና አስቀድሞ ደም ረግቶባቸው በሚያውቁት ላይ አደጋው ይበረታል። ስለዚህ በየጊዜው ተነሥቶ መመላለስ፣ ተቀምጠውም ሳሉ የእግርን ተረከዝና ጣት እያፈራረቁ ማንሣት፣ የሚያጠብቅ ልብስ አለመልበስ ያስፈልጋል። ከጉዞው በኋላ አንዱ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር፣ «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ መተኛት አይገባም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው እንጂ።

በባሕሩ ዳር

የባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ ከፍታው 1,820 ሜትር ያህል ነው። ከአይሮፕላኑ በር ብቅ ሲሉ ሞቅ ያለና ርጥበት ያለው አየር ፊትን ይዳስሳል፤ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ ጎዳናም ወደ ከተማው ይመራል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ደጅ ተሳልመን ወደ ውኃው ዳር ስንወርድ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ጣና ዳርቻው ሳይታይ ተዘርግቶ አገኘነው። ከደንገል የተሠራች ታንኳ እንጨት ጭና ትመጣለች፤ ነጫጭ ወፎች በውኃው ላይ ያርፋሉ፤ በማዶ የዘጌ ደን በቡናው ጥላ ጠቁሮ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ስለ ሕመም ማሰብ ይከብደዋል። ይሁን እንጂ እዚህ ስፍራ ላይ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ግድ ነው።

አንደኛው ወባ ነው። በአገራችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በታች የሆነው ስፍራ አብዛኛው የወባ አገር ነው። የአዲስ አበባ ሰው የወባን ነገር በቤቱ ስለማያውቀው አካሉም አሳቡም አልተዘጋጀም። ሽማግሌዎቻችን የ1950 ዓ.ም. ክረምትን አይረሱትም፤ ከዚያ ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በተነሣው ወረርሽኝ በደጋውና በወይና ደጋው 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ነገሩም የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል።

ወባ የምትበረታው ዝናሙ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ወራት ነው። ይህም የጽጌ ወቅት ነው፤ የዳጋ እስጢፋኖስ በዓል ጥቅምት 17 ቀንም በዚሁ መካከል ይውላል። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ ለማኅሌትና ለዋዜማ የሚቆም ምእመን እጁንና እግሩን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ፤ በተገለጠውም ገላው ትንኝ የሚያርቅ ቅባት ይቀባ። የሚያድር ሰው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዞ ቢሄድ ከሁሉ ይበልጣል፤ አጎበር ተጣጥፎ ከጋቢ ያነሰ ስፍራ ይይዛል። ይልቁንም ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ይኖር እንደ ሆነ ሐኪምን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ጦብያ እግሩን ሊታጠብ ወደ ወንዝ በወረደ ጊዜ ታላቅ ዓሣ ሊውጠው እንደ ተነሣበት ተጽፏል፤ በጣና ዳር ግን የሚነሣብን ዓሣ ሳይሆን በዐይን የማይታይ ትል ነው። ይህ ትል ሣር በበዛበት ጥልቅ ባልሆነ ውኃ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣል፤ በውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ዘልቆ ይገባል። ገብቶም በአንጀት ዙሪያ ባለው የደም ሥር ይኖራል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፤ ሳይታከም ዓመታት ሲቆይም ጉበትን ይጎዳል።

በዚህ ነገር የአገራችን ልጅ የሠራው ሥራ ሊታወስ ይገባዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሳሉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለታላቅ ምርምር በር ከፈተ። የእናቶቻችን እንዶድ የበሽታውን አስተላላፊ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ፤ ስለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ መንገደኛው በጣና ዳር በባዶ እግሩ አይግባ፤ ልጆቹንም በዳርቻው አያዋኝ። ከጀልባ ሲወጡና ሲገቡ በመሰላሉ ወይም በድንጋዩ መረማመጃ ይሁን። የሐይቁን ውኃ ሳያፈሉ መጠጣት አይገባም። ድንገት የረጠበ ሰው ፈጥኖ ገላውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረገው፤ ይህ ጥቂት ይረዳል እንጂ ፈጽሞ አያድንም። ጸበል የሚጠመቅም ካህናቱ በሚያጠምቁበት በተለየው ስፍራ ይጠመቅ እንጂ ከሐይቁ ዳር እየቀዳ ለራሱ አያድርግ።

በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ለመሄድ ማለዳ መነሣት ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ማዕበሉ ይበረታል። የመንሳፈፊያ ልብስ ሳይዙ አለመሳፈር፣ ስለ መንገዱም ደኅንነት የአገሩን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስለሆኑ፣ እናቶችና እኅቶች ወንዶቹ እስኪመለሱ ብዙ ሰዓት በፀሐይ ይጠብቃሉ። ውኃው የፀሐዩን ብርሃን ስለሚመልስ ፀሐዩ ይበረታል። ስለዚህ ጥላና የሚጠጣ ውኃ ይያዝላቸው፤ ወይም እነርሱ በዚያ ቀን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለሙ።

ለፈውስ የሚመጡት ሕሙማን መድኃኒታቸውን በቤት ጥለው መምጣት አይገባቸውም። አምስተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር አንድ ላይ መጠቀም እንደሚችሉ ማስተማራቸው ይታወሳል። መድኃኒትን የሚፈጥር እግዚአብሔር ነው፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ጸበልና መድኃኒት አንዱ ሌላውን አይከስስም።

ከተመለሱ በኋላ

ብዙ ሰው ጉዞው ያለቀው አይሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ወባ ከትንኝ ንክሻ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሳምንት ሳትታይ ትቆያለች፤ አንደኛዋ ዐይነት ወባ ከወራት በኋላ እንኳ ልትነሣ ትችላለች። በጥቅምት 16 ሌሊት በዳጋ የተነከሰ ሰው በ18 ቤቱ ይገባል፤ ጸበሉንና እምነቱን ለጎረቤት ያድላል፤ ትኩሳቱ የሚነሣው ግን በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ነው። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ብርድ ስለሚበረታ «ጉንፋን ነው» ይላል፤ ቤተ ሰቡም ትኩስ ነገር እያጠጣ ያስተኛዋል። ወባ ደግሞ ጊዜ አትሰጥም፤ ብርቱዋ ወባ በጥቂት ቀናት ውስጥ አእምሮ አሳጥታ ልትገድል ትችላለች። በሽታው በጊዜ ከታወቀ ግን የሚያድን መድኃኒት አለ፤ እዚያው በባሕር ዳር ሳሉ ትኩሳት የጀመራቸውም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይገኛል።

ስለዚህ ከጣና ከተመለሰ በሦስት ወር ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ብርቱ ራስ ምታት የተሰማው ሰው በዚያው ቀን ደሙን ያስመርምር። የሐይቁ ውኃ የነካው ደግሞ ምንም ባይሰማው እንኳ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ስለ ቢልሃርዝያ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በቀላሉ ያድነዋል። በውጭ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችን ይህን አብልጠው ያስቡ፤ በሮማም ሆነ በዋሽንግተን ያለው ሐኪም ወባን እምብዛም ስለማያየው ካልነገሩት አይጠረጥርም። ለማናቸውም ሐኪም አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ቃል አጭር ነው፤ «ከባሕር ዳር ተመልሻለሁ» የሚል ነው። ይህች ቃል ብዙ ነፍስ ልታድን ትችላለች፤ የምትጠይቀውም ገንዘብ የለም።

ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ወደ ገዳም ስትልኩ ቲኬት ቆርጦ መስጠት ብቻውን ልጅነትን አይፈጽምም። አጎበሩን በሻንጣቸው፣ መድኃኒታቸውን በእጃቸው አስይዟቸው፤ ከተመለሱም በኋላ ወር ሙሉ «ትኩሳት አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደ ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ አስተምሮናልና፣ ማደሪያውን የሚጠብቅ ሰው እግዚአብሔርን ያከብራል። ጦብያን በሰላም ወስዶ በሰላም የመለሰ፣ የአባቱንም ዐይን ያበራ አምላክ ለሁላችሁም የቀና መንገድ፣ ለቤታችሁም ጤና ይስጥልን፤ አሜን።